የሎተስ ቅጂ በዲኤክስ ሞተር፦ ደብረ ማርቆስ ላይ እንደገና የተሠራ መኪና

ሊብሬው ላዳ ይላል። ሻጩ ሎተስ ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት አላቸው። የፊት እግሩ (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክፍል)፣ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው)፣ ሞተሩና ካምቢዮው አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜዋን በታክሲ ከጨረሰች ላዳ የተነቀሉ ናቸው። አካሉ ደግሞ ሎተስ ሰቨን የሚባለውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና እንዲመስል በቱቦላሬና በላሜራ የተሠራ ነው። ጣሪያ የለውም፣ በር የለውም። ኮፈኑ ረጅም ነው፣ የፊት ጎማዎቹ ከአካሉ ውጪ ቆመዋል። ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ባጃጆች ሁሉ ፍጥነት ቀንሰው ነው ያለፉት። መልኩ ግሩም ነበር። ከመልኩ ሥር ያለው ግን ጉድ ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት መኪና ለመግዛት ወይም ራሳችሁ ለመሥራት ለምታስቡ ነው። መንገድ ላይ የሚያስቆሙኝ ልጆች ሁሉ የሚጠይቁኝ «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» እያሉ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የዚህ ሞተር ጓርኒሲዮን (በክፍሎቹ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) እናንተ ከተማ ውስጥ ይገኛል ወይ? ከዚያ በፊት ደግሞ ፍሬሙ ሞተር የመሸከም አቅም አለው ወይ?

ስለ ዋናው መኪና ትንሽ ልበል። ሎተስ ሰቨን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ የነደፈውም ኮሊን ቻፕማን። ዕቃው ተበታትኖም ይሸጥ ነበር፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ይገጥመዋል። ያኔ እንግሊዝ አገር ተበታትኖ የሚሸጥ መኪና የግዢ ግብር አይከፈልበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ኬተራም የሚባል ድርጅት የመሥራት መብቱን ተረከበና እስከ ዛሬ ይሠራዋል። ክብደቱ 500 ኪሎ ገደማ ነው። ቀጥ ቀጥ ባለ ቱቦና ጠፍጣፋ ላሜራ ስለሚሠራ በዓለም ላይ እንደሱ የተቀዳ መኪና ማግኘት ይከብዳል። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ሲያዩት የግቢ በር የሚበይድ ሁሉ የሚሠራው ይመስላል።

የእኔንም የሠራው የግቢ በር በያጅ ሳይሆን አይቀርም። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት በጭነት መኪና ነው፤ እየነዱ ዓባይ በረሃን ለመውረድ የሚያስደፍር ነገር አልነበረውም። ላሜራውን ስናወርድ የእኛ ሰፈር ሽማግሌ በያጅ ዞር ዞር ብለው አዩና «አንተ ልጅ፣ ይሄ መኪና ነው የአልጋ ብረት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው 25 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር ቱቦላሬ ነው። እዚህ የገባው ለመስኮት የሚሆን ስስ ነገር ነው። ከዚያ የባሰው ግን ሰያፍ ብረት አለመኖሩ ነው። አራት ማዕዘን ጥጉን ሲገፉት ይዘማል። ሰያፍ ሲገባበት ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ይሆንና ይቆማል። የሎተስ ፍሬም ጥንካሬው በሙሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ቅጂውን የሠራው ሰው ቅርጹን አይቷል፣ ሰያፎቹን ግን ትቷቸዋል። ምናልባት እግር ማስገቢያ ቦታ ስላጣበቡት ይሆናል።

ልትገዙ ስትሄዱ ክሪክ ይዛችሁ ሂዱ። የፊት ግራውን ጥግ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ደህና ፍሬም ከሆነ የቀኙ ጥግም ብዙ ሳይቆይ አብሮ ይነሳል። የእኔ ግራው ተነስቶ ቀኙ ንቅንቅ አላለም፤ ፍሬሙ እንደ ፈለገ ይጠመዘዝ ነበር። ቀጥሎ ቱንቢ ያስፈልጋል። መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ። ከአራቱም የእግር መያዣዎች ቱንቢ ጣሉና ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በሰያፍ ለኩ፦ ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የእኔ 3 ሴንቲ ሜትር ተበላለጡ። እንዲህ ያለ መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚሄደው፤ መሪውም ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል ይጎትታል።

ብየዳውን ለማየት ደግሞ ርካሽ ዘዴ አለ። መገጣጠሚያውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። በአንዱ በኩል ጠመኔ በውሃ በጥብጣችሁ ቀቡና ይድረቅ። በሌላው በኩል ነጭ ጋዝ ቀቡ። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ሾልኮ ጠመኔው ላይ መስመር ያወጣል። ውስጡ ለማይደረስበት ቱቦላሬ ይህ አይሆንም። እግሩን ለሚይዙት ሳህኖች ግን በጣም ይሠራል፤ ሰው የሚሞተውም እነሱ ሲለቁ ነው። ብየዳ ላይ ስቱኮ ተለጥፎ ካያችሁ ደግሞ ጋዝም ጠመኔም አያስፈልግም። ጥሩ ብየዳ የሚደበቅበት ምክንያት የለም።

ከሹፌሩ እግር ፊት ያለውን ፍሬም በሙሉ ቆርጠን ጣልነው። የኋላውን በሰያፍ አጠናከርን። በዚህ ሥራ ላይ የምመክረው ነገር ቢኖር አለመቸኮል ነው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረት ይስባል። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ ብቻ ያዙ፤ ከዚያ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያላችሁ በየመሀሉ ለኩ። ስስ ቱቦ ላይ ወፍራም ኤሌክትሮድ ይበሳል። ባለ 2 ሚሊ ሜትሩን ፈልጉ፤ የሲኦቱ ብየዳ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። መብራት ቢሄድ አትበሳጩ፣ ብረቱ ይቀዝቅዝ።

ስለ ቸርኬው ሳልናገር አላልፍም። የላዳ ጎማ በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው። የብሎኖቹ ክብ ስፋት 98 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ቸርኬዎች 100 ናቸው። የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም፤ ብሎኑም በግድ ይገባል። ግን ቸርኬው መሀል አይቀመጥም፣ ብሎኑም ተጣሞ ነው የሚቆመው፣ እየተነዳ ይላላል። የእኔው መኪና እንዲህ ያለ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ነበረው። ሻጩ ከሁሉ በላይ የኮራበት በእሱ ነው! ተሸጦ በላዳው በራሱ ቸርኬ ተተካ። መልኩ ትንሽ ቀነሰ፣ እንቅልፌ ግን ተመለሰ።

መሪው ሌላ ጣጣ ነበር። ላዳ ሲሠራ መሪው በሳጥን ነው። ሠሪው ያን ትቶ ከሌላ መኪና ረጅሙን የመሪ ጥርስ ገጠመበት። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ቦታው ግን ስህተት ነው። የመሪው ዘንግ ከእግሩ ክንዶች ጋር በልኩ ካልተቀመጠ ጎማው ጉድጓድ ላይ ወጣ ገባ ባለ ቁጥር መኪናው ራሱን ያዞራል። ይህን ለማየት ሞላውን አውጡ፤ ጎማው ላይ ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ እሰሩ፤ ከዚያ ጎማውን በክሪክ ከታች እስከ ላይ አንቀሳቅሱት። የጣውላው ጫፍ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚሸሽ ከሆነ የመሪው ከፍታ መስተካከል አለበት። እኛ መያዣውን ነቅለን ጣውላው ቀጥ ብሎ እስኪወጣና እስኪወርድ ድረስ ከፍ ዝቅ እያደረግን በነጥብ በየድን። አሰልቺ ነው። የማርቆስን ኮብልስቶን የሚያውቅ ግን ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ፍሬኑ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ላዳ የኋላ ፍሬኑን ኃይል የሚመጥን መቆጣጠሪያ አላት፤ በዘንግ ከኋላ አክስል ጋር ተያይዞ ጭነቱን እያየ ይሠራል። መኪናው በብዙ ሲቀል ያ ልኬት ፋይዳ የለውም። የእኔ ላይ ዘንጉ ተነቅሎ ተንጠልጥሎ ነበር። ውጤቱም ፍሬን ሲረገጥ የኋላ ጎማ ቀድሞ መያዙ ነው። ይሄ ደግሞ መኪና ያዞራል። በእጅ የሚስተካከል ተክተን፣ ባዶ ሜዳ ላይ የፊቱ ቀድሞ እስኪይዝ ድረስ አስተካከልነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። የላዳው ሞተር ያጨሳል፣ ዘይት ይጠጣል። ማደስ ይቻል ነበር። መካኒኩ፣ ጋሼ የምለው፣ «ለላዳ ዕቃ በየጊዜው አዲስ አበባ ልትልክ ነው?» ሲለኝ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። እዚህ ጎጃም ውስጥ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ሲዘጋ ዕቃው ይቆማል፣ መኪናውም ይቆማል።

ወዳጆቼ ግማሾቹ የቪትዝ ሞተር ግጠም አሉኝ። ቪትዝ በየመንገዱ አለ፣ ዕቃውም ሞልቷል። ግን ሞተሩ በአግድም የተቀመጠ፣ የፊት ጎማ የሚነዳ ነው። የሎተስ ፍሬም ቁመቱን ተከትሎ የተኛ ሞተርና ወደ ኋላ የሚሄድ ካርዳን (ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚያደርስ ረጅም ዘንግ) ይፈልጋል። ኮምፒውተሩና የሽቦው ጉዳይ ሲጨመርበት ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል። ኤሌክትሪክ አድርገው ያሉኝም አሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሐሳቡ የሚያስቅ አይደለም። ባትሪ የሚያውቅ ባለሙያ ማርቆስ ላይ ስለማላውቅ ግን አልደፈርኩም።

የቀረው የኮሮላ ዲኤክስ ሞተር ነበር፣ 4ኬ የሚባለው። 1,290 ሲሲ ነው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1966 ከመጀመሪያዋ ኮሮላ ጋር ነው የወጣው፤ የድሮ ነገር ነው ማለት ነው። ካቴናው (የሞተሩን የውስጥ ዘንግ የሚያዞረው ሰንሰለት) ብረት ነው፣ ነዳጁ በካርቡራተር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው)፣ እሳቱ በስፒንትሮጂኖ (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው)። ቁመቱን ተከትሎ ይተኛል፣ የኋላ ጎማ ይነዳል። ከዚህ ሞተር ጋር ያደገ መካኒክ በየከተማው አለ፤ ደጀንም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም ብትቆሙ አፍ አውጥታችሁ ማስረዳት አያስፈልግም። ጉልበቱ በባሕር ወለል ላይ 60 ፈረስ ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሩብ ያህሉ ይሄዳል። 45 ይቀራል በሉ። ዲኤክስ ራሷ ከ800 ኪሎ በላይ ናት፣ ይሄኛው ከ600 ብዙም አይበልጥም። ይበቃል፣ እመኑኝ።

ሞተር ስትገዙ ብቻውን አትግዙ። ካምቢዮው፣ ቮላኖው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ሞተሪኖው፣ የሞተር ጎማዎቹ፣ የጋዝ ሽቦው ሳይቀር ከአንድ መኪና ይምጣ። አንድ የጎደለ ነገር በኋላ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያው) ድረስ ያስኬዳችኋል። ኮምፕሬሽን ስታስለኩ ደግሞ በመጽሐፉ ካለው ቁጥር ጋር አታወዳድሩት። እዚህ ከፍታ ላይ ጤነኛ ሞተርም ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚያነበው። ዋናው አራቱም ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። በዚህ ምክንያት ጥሩ ሞተር የሞተ ነው ተብሎ ሲጣል አይቻለሁ።

ሲገጠም ሦስት ነገር እርስ በርሱ ይጣላል። ሞተሩ ዝቅ ካለ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ኮብልስቶን ይነካል። ከፍ ካለ ኮፈኑ አይዘጋም። ወደ ኋላ ካፈገፈገ የሹፌሩ እግር ቦታ ያጣል። እኛ ቅድሚያ የሰጠነው ለኮፓው ነው፤ ከፍሬሙ ሥር እንዳይወጣ አደረግን፣ ከፊቱም ወፍራም ላሜራ አስቀመጥን። ኮፈኑን ትንሽ ማበጥ ይቻላል፣ የተበሳ ኮፓ ግን ገደል ነው።

ከዲኤክስ ካምቢዮ ወደ ላዳ ዲፈረንሻል የሚሄድ ካርዳን ገበያ ላይ የለም። የፊቱ ጫፍ ከቶዮታ፣ የኋላው ከላዳ ይሆንና መሀሉ ቶርኖ ቤት ይሠራል። የእኔ ባሕር ዳር ነው የተሠራው። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ዘንበል ያሉበት ማዕዘን እኩል መሆን አለበት፣ ሁለቱም ጎን ለጎን የሚሄዱ መስመሮች እንዲሆኑ። የስልካችሁ የማዕዘን መለኪያ ለዚህ ይበቃል። የሁለቱ ክሮቼራዎች (በካርዳኑ ጫፎች ያሉት መጋጠሚያዎች) ሹካም በአንድ አቅጣጫ መግጠም አለበት። ካልሆነ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ደግሞ ጎማ ባላንስ ሲያስደርግ ይኖራል።

ማቀዝቀዣው ብዙ የሚያስለፋው ክፍል ነው። አፍንጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ ራዲያተሩ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በታች ይቀመጣል። አየር ደግሞ ሁልጊዜ ከፍ ያለውን ቦታ ይይዛል። ራዲያተሩን ሞልታችሁ ዘግታችሁ ቴስታታው ውስጥ ግን አየር አለ። መፍትሔው ትንሽ የውሃ ታንክ ከሁሉም በላይ አስቀምጦ መሙያውን እዚያ ማድረግ ነው። ክዳኑንም አትናቁት። ማርቆስ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተሩ የሚሠራውም እዚያው አካባቢ ነው። ግፊት የማይዝ አሮጌ ክዳን ካላችሁ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም ውሃው ይገነፍላል። እባካችሁ ደግሞ ቴርሞስታቱን አታስጥሉ! መካኒኮቻችን ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚያደርጉት እሱን ነቅሎ መወርወር ነው። በማርቆስ ብርድ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር እስኪሞቅ ግማሽ ከተማ ይዞራል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ይበላሻልም።

ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ነው። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛል። ካንዴላውን (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን) አውጥታችሁ ብታዩት ጥላሸት የለበሰ ነው። ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን) በማስተካከል ብቻ አይድንም፤ ዋናውን ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ዝቅ ባለ መተካት ያስፈልጋል። ካንዴላው ቡናማ ሲሆን ልክ ነው። ግን አትራቁ። ከደጀን ወርዳችሁ ዓባይ ድልድይ ስትደርሱ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ አየሩ ይከብዳል። ለማርቆስ ብቻ በጣም የተቀነሰ ጄት እዚያ ታች ሲደርስ ነዳጅ ያጥረዋል፣ ሞተሩም ይግላል። ያውም በበረሃው ሙቀት፣ ዳገት ከመጀመሩ በፊት። ለመሀሉ ምረጡ፤ ማርቆስ ላይ ትንሽ ቢያጨስ ይቻላል።

በረሃውን ስትወርዱ በዳገት የምትወጡበትን ማርሽ ያዙ። መኪናው ቀላል ስለሆነ ፍሬኑ አይግልም ብላችሁ አትዘናጉ። የላዳ ፍሬን ያው የላዳ ፍሬን ነው፤ ከፊታችሁ ደግሞ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ በቀስታ ይወርዳል። ጣሪያ በሌለው መኪና ከጭስ ማውጫው ጀርባ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ደርሳችሁ ታዩታላችሁ። የዲኤክሱ የፍጥነት ገመድ በላዳው ሰዓት ላይ ስለማይገጥም እኔ ፍጥነቴን የማየው በስልክ ነው።

ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ጻፍኩት እንጂ መሠራት ያለበት መጀመሪያ ነው። ሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱንም ከብረቱ ላይ አንብባችሁ አመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥሩ ካልገጠመ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ሞተር መቀየር ደግሞ መመዝገብ ያለበት ነገር ነው፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002ን አንብቡት። ሞተሩን ስትገዙ የሽያጭ ውልና ሞተሩ የወጣበትን መኪና የሊብሬ ቅጂ ከሻጩ ተቀበሉ፤ ቁጥሩ እዚያ ላይ ይታይ። ይህ የሌለው ሞተር የተሰረቀ አለመሆኑን ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ነው። ከዚያ አንድ ብረት ሳትቆርጡ ፎቶና ማመልከቻ ይዛችሁ ወደ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ አካሉም እንደተለወጠ ንገሩ። መርማሪው መጥቶ ሲያይ ፍሬሙ ገና ላሜራ ሳይለብስ ቢሆን ይሻላል፤ ብየዳውን ራሱ ያየዋል፣ ጥያቄውም ይቀንሳል። እኔ ቦሎ የተለጠፈልኝ እንዲህ ሆኖ ነው።